«12 ሜጋ» ስንት ነው? የአሮጌ ኮምፒውተሮች ፍጥነትና የአሃዶቹ ሒሳብ

ባለፈው ክረምት ከገርጂ ብዙም የማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዚህን መጽሔት አዘጋጆች እርዳታ ጠየቀ። ጉዳዩ ቀላል ይመስል ነበር። ከመዝገብ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ ከዓመታት በፊት በእርዳታ የመጣ አንድ የፔንቲየም 3 ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ መንቋቋት ጀምሯል። በዲስኩ ላይ መምህራን ያዘጋጇቸው ፈተናዎች፣ የቤተ ሙከራ መመሪያዎች፣ የትምህርት ቪዲዮዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የብዙ ዓመታት የተማሪዎች ሮስተር ይገኛሉ። ትምህርት ቤቱን ከለቀቁ ዓመታት ያለፏቸው ልጆች ትራንስክሪፕት ፍለጋ ሲመጡ የሚታየው ይኸው ዲስክ ነው። የወረቀቱ መዝገብ ከፊሉ ጣሪያ አፍስሶ ስለተበላሸ፣ ዲስኩ ቢሞት የአንዳንዶቹ ልጆች ውጤት በየትም ቦታ አይገኝም።

አዲስ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዘን ሄድን። ኮምፒውተሩን ከፍተን ስናይ የተያዘው ቦታ «31 ጊጋባይት» ይላል። የኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ፖርት የመጀመሪያው ትውልድ፣ ማለትም 1.1 የሚባለው ነው። ከመካከላችን አንዱ «ዩኤስቢ 1.1 በሰከንድ 12 ሜጋ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። እኛም 31 ጊጋን ለ12 ሜጋ አካፍለን ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል የሚሆን ውጤት አገኘንና፣ ቁልፉን ይዘው ለሚጠብቁን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «በአንድ ሰዓት እንጨርሳለን» ብለን ቃል ገባን። ገመዱን ስንሰካ ኮምፒውተሩ ፈጣን መሣሪያ በቀርፋፋ ፖርት ላይ መሰካቱን የሚያስጠነቅቅ መልእክት አወጣ። ሳናነበው ዘጋነው።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጀመርን። 5 ሰዓት ሲሆን የተቀዳው 3.4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ወደ ጽሑፋችን መጨረሻ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን የተሳሳትነው የት ላይ እንደሆነ እንመልከት። ስህተቱ የማካፈል ስህተት አልነበረም፤ የአሃድ ስህተት ነበር። አንድ ብቻም አልነበረም፤ ሦስት ስህተቶች ተደራርበው ነበር።

ቢትና ባይት

ለመሆኑ «ሜጋ» ምንድን ነው? በራሱ ምንም አይደለም። «ኪሎ» ማለት አንድ ሺህ እንደሆነ ሁሉ «ሜጋ» ማለትም አንድ ሚሊዮን ነው። የምን ሚሊዮን እንደሆነ የሚነግረን ተከትሎት የሚመጣው ቃል ነው። በከተማችን ግን ኢንተርኔትም፣ ፍላሽም፣ የስልክ ጥቅልም ሁሉም በ«ሜጋ» ብቻ ስለሚጠራ፣ ተከታዩ ቃል ከንግግራችን ወጥቶ ቀርቷል።

ቢት የመረጃ ትንሿ ቁራጭ ስትሆን ዜሮ ወይም አንድ ናት። ባይት ደግሞ የስምንት ቢቶች ስብስብ ነው። የመስመር ፍጥነትን የሚለኩ መሐንዲሶች ከቴሌግራፍ ዘመን ጀምሮ በሽቦው ላይ የሚያልፈውን ምልክት አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ስለኖሩ በቢት ይናገራሉ። የፋይል መጠን የሚለኩት ግን ኮምፒውተሩ መረጃን የሚያስቀምጠው በባይት በባይት ስለሆነ በባይት ይናገራሉ። ስለዚህ የመስመርን ፍጥነት ከፋይል መጠን ጋር ለማገናኘት የፈለገ ሁሉ በመካከል ለ8 ማካፈል አለበት። 12 ሜጋቢት ለ8 ሲካፈል 1.5 ሜጋባይት ነው። እኛ ያደረግነው 12 ሜጋቢቱን እንደ 12 ሜጋባይት መቁጠር ነበር፤ ሒሳባችን በአንድ ጊዜ ስምንት እጥፍ ተሳሳተ።

በላቲን ፊደል የሚጻፈው ምኅጻረ ቃል ለዚህ ስህተት በጣም የተመቸ ነው። ትንሿ «ቢ» ቢትን፣ ትልቋ «ቢ» ባይትን ትወክላለች። በአንዲት ፊደል ቁመት ላይ የስምንት እጥፍ ልዩነት ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ የላቲኑን ልማድ በአማርኛ ማስታወቂያ ላይ ለመከተል የሚሞክር ሱቅ ልዩነቱን ጨርሶ ያጠፋዋል። ነገር ግን ነገሩን ከራሳችን ፊደል አንጻር ብናየው የተሻለ መንገድ አለን፤ «ቢት» በሣልሱ በ«ቢ»፣ «ባይት» በራብዑ በ«ባ» ይጀምራሉ። «ሜ.ቢ.» እና «ሜ.ባ.» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ግልጽ የሆነ ነገር ጽፏል። በላቦራቶሪ ሪፖርታቸው ላይ ይህንን የሚጠቀሙ ተማሪዎች ቢኖሩ ደስ ይለናል።

ቦድ፦ ከቦሌ ቴሌፕሪንተር እስከ ሚኒባስ ታክሲ

በአሮጌ መሣሪያዎች ላይ ከቢትና ከባይት ሌላ አንድ ሦስተኛ ቃል ተጽፎ እናገኛለን። እርሱም «ቦድ» ነው። ስያሜው ከፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ከኤሚል ቦዶ የተወሰደ ሲሆን፣ ትርጉሙ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመስመሩ ላይ የሚለዋወጠው የምልክት ብዛት ነው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ በጀመረበት በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ያሉ የአቪዬሽን ጣቢያዎች የበረራ መልእክት የሚለዋወጡት በቴሌፕሪንተር ነበር። የተለመደው ፍጥነት 50 ቦድ ነው። እያንዳንዱ ፊደል አምስት የመረጃ ምልክቶች ሲኖሩት፣ ከፊቱ አንድ የመነሻ፣ ከኋላው አንድ ተኩል የማቆሚያ ምልክት ይጨመርለታል፤ በድምሩ ሰባት ተኩል። 50ን ለ7.5 ብናካፍል በሰከንድ 6.67፣ በደቂቃ 400 ፊደል እናገኛለን። 250 ፊደል ያለው አንድ የበረራ ዕቅድ መልእክት ተልኮ እስኪያልቅ 37 ሰከንድ ተኩል ይፈጅ ነበር ማለት ነው። ያ ፍጥነት ለጊዜው በቂ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከመልእክቱ ቀድሞ አይደርስምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። አምስት ቢት የሚሰጠው 32 ዓይነት ምልክት ብቻ ነው። የላቲን 26 ፊደላት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የእኛ ፊደል ግን 33 ሲባዛ በ7፣ ማለትም 231 መሠረታዊ ምልክቶች አሉት። ኢንጂነር ተረፈ ራስ ወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ችግር ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ከዚህች አጭር ሒሳብ ብቻ መገመት ይቻላል።

ቦድና ቢት አንድ ናቸው ወይ? በቴሌፕሪንተሩ ላይ አንድ ናቸው፤ በስልክ ሞደም ላይ ግን አይደሉም። ልዩነቱን ለመረዳት ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚመላለሱትን ሚኒባስ ታክሲዎች እናስብ። በሰዓት ውስጥ የሚያልፉት የሚኒባሶች ብዛት ቦድ ነው፤ የሚያልፉት ሰዎች ብዛት ቢት ነው። እያንዳንዱ ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ ቢጭን ሁለቱ ቁጥሮች ይመሳሰላሉ። መንገዱ ጠቦ የሚኒባሶቹን ቁጥር መጨመር ካልተቻለ ግን ያለው አማራጭ በእያንዳንዱ ላይ ብዙ ሰው መጫን ነው። የሞደም ሠሪዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ቪ.22 ቢስ በሚባለው ደረጃ የተሠራ ሞደም በሰከንድ 600 ምልክት ብቻ ይልካል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ምልክት አራት ቢት ስለሚሸከም ፍጥነቱ በሰከንድ 2400 ቢት ይሆናል። ስለዚህ «2400 ቦድ ሞደም» የሚለው የተለመደ አነጋገር ስህተት ነው፤ ትክክለኛው 600 ቦድ፣ 2400 ቢት ነው።

ምሳሌያችንን አንድ እርምጃ እናራምደው። በሚኒባሱ ላይ ሹፌሩና ረዳቱም አሉ። እነርሱ ቦታ ይይዛሉ እንጂ ተሳፋሪ አይደሉም። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ጀርባ በሚገኘው አርኤስ 232 በሚባለው ሲሪያል ፖርት ላይም እያንዳንዱ ባለ ስምንት ቢት ባይት ሲላክ በተለመደው አሠራር ከፊቱ አንድ መነሻ፣ ከኋላው አንድ ማቆሚያ ቢት ይታከልለታል። ስምንት ተሳፋሪ፣ አንድ ሹፌር፣ አንድ ረዳት፤ በድምሩ አሥር። በመሆኑም እዚህ የምናካፍለው ለ8 ሳይሆን ለ10 ነው። 9600 የሚል ፍጥነት 960 ባይት፣ የሲሪያል ፖርቱ የተለመደ ከፍተኛ ፍጥነት የሆነው 115,200 ደግሞ 11,520 ባይት በሰከንድ ይሆናል። በቤተ ሙከራ ውስጥ አሮጌ የመለኪያ መሣሪያ ከኮምፒውተር ጋር ለሚያገናኝ ተማሪ ይህ ዛሬም የሚሠራ ሒሳብ ነው። በመጀመሪያው ትውልድ የሳታ ሃርድ ዲስክ ላይ «1.5 ጊጋቢት» ተብሎ የተጻፈው 187 ሳይሆን 150 ሜጋባይት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚያም ስምንቱ ቢት በአሥር ተጠቅልሎ ይጓዛል።

የአማርኛ ፊደል ክብደት

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. በያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የሚገኘው ፓዲስ የተባለው ክፍል መልእክቶችን አከማችቶ በስልክ መስመር የሚልክ የኢሜይል አገልግሎት ነበረው። በኋላ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የኢንተርኔት ካፌዎች ሲበዙ ብዙዎቻችን የሞደምን ጩኸት የሰማነው በዚያ ነው።

«56 ኬ» የተባለው ሞደም በሰከንድ 56,000 ቢት፣ ማለትም 7,000 ባይት ይቀበላል ተብሎ የተሠራ ነው። ይህ ግን የመስመሩ ጥራት ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ሲልክማ በአብዛኛው ከ33,600 ቢት አያልፍም። መስመሩ 40,000 ቢት ቢሰጠን 5,000 ባይት በሰከንድ እናገኛለን እንበል። 4 ሜጋባይት የሆነ አንድ ዘፈን በዚህ ፍጥነት 800 ሰከንድ፣ ከ13 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ስምንት ኮምፒውተሮች ያንኑ መስመር ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 625 ባይት ነው። የካፌው ባለቤት በደቂቃ እያስከፈለ፣ ደንበኛው ደግሞ ገጹ እስኪከፈት ማኪያቶውን እየጠጣ የሚጠብቀው ለዚህ ነበር።

አንባቢ «አማርኛስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በወጣው 3.0 እትም ነው። በኢንተርኔት በብዛት በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ነው። «ኮምፒውተር» ስድስት ፊደል፣ 18 ባይት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን 8 ባይት። «ሰላም» በእኛ ፊደል ሦስት ፊደል፣ 9 ባይት ሲሆን በላቲን ፊደል ቢጻፍ አምስት ፊደል፣ 5 ባይት ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ፊደላችን ሦስት እጥፍ ይከብዳል፤ ቃላችን ግን በፊደል ቁጥር ስለሚያጥር፣ ጠቅላላው ጭነት ከሦስት እጥፍ ያነሰ ነው።

ይህ ክብደት ያሳስባል ወይ? ለሞደሙ እምብዛም አያሳስብም ነበር። 1,650 ፊደልና 350 ክፍት ቦታ ያለው አንድ የአማርኛ ገጽ 5,300 ባይት ነው፤ በ5,000 ባይት ፍጥነት ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም። የከበደው ሌላ ነገር ነው። ዩኒኮድ በየኮምፒውተሩ ከመለመዱ በፊት ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች ፊደሉ እንዳይበላሽባቸው ጽሑፉን እንደ ሥዕል ያወጡት ነበር። 200 ኪሎባይት የሆነ የገጽ ሥዕል በዚያው መስመር 40 ሰከንድ ይፈጃል። ሦስት ባይት የሚበዛብን ሰዎች ይህንን ማነጻጸሪያ ቢያዩ ቅሬታቸው የሚቀንስ ይመስለናል።

በአጭር የስልክ መልእክት ላይ ግን ጉዳዩ በግልጽ ይሰማል። አንድ መልእክት 140 ባይት፣ ማለትም 1,120 ቢት ነው። የላቲኑ ፊደል ሰባት ቢት ስለሚበቃው 160 ፊደል ይገባል። አማርኛ በ16 ቢት ስለሚላክ 1,120 ለ16 ሲካፈል 70 ብቻ ይሆናል። ብዙ ወጣቶች በስልክ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመዱት በቸልተኝነት ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡም ገፍቷቸዋል።

ሺህ ወይስ 1024?

ሁለተኛው ስህተታችን ያነሰ ቢሆንም የሚያናድድ ነው። ኮምፒውተር በሁለት እየተባዛ ስለሚቆጥር፣ ቀደምት ባለሙያዎች ለሺህ ቅርብ የሆነውን 1024 «ኪሎ» ብለው ጠሩት። የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ግን እንደ ሌላው የሳይንስ ዘርፍ ኪሎን 1000 ብለው ይቆጥራሉ። በመሆኑም 40 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲታይ 37.25 ይላል፤ 500 የተባለው 465.7፤ አንድ ቴራባይት የተባለው 931 ገደማ። በመገናኛ ካሉት የንግድ ሕንፃዎች ዲስክ ገዝቶ ማታ ቤቱ ከከፈተው በኋላ በማግስቱ ከሻጩ ጋር ሊጣላ የሄደ ሰው እናውቃለን። ሻጩ አላታለለውም፤ የጎደለ ባይት የለም፤ የተለያየው መቁጠሪያው ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ለ1024ቱ ቆጠራ ኪቢባይት፣ ሜቢባይትና ጊቢባይት የሚሉ የተለዩ ስሞችን አውጥቷል፤ ስሞቹ ግን በሱቅም በመንገድም አልተለመዱም።

ከሁሉም የሚያስቀው የፍሎፒ ዲስክ ነው። «1.44 ሜጋባይት» የተባለው ዲስክ የሚይዘው 1440 ሲባዛ በ1024፣ ማለትም 1,474,560 ባይት ነው። በሺህ ቆጠራ 1.47፣ በ1024 ቆጠራ 1.41 ሜጋባይት ይሆናል። 1.44 የሚሆነው ሁለቱን ቆጠራዎች አንድ ላይ ስናደባልቅ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ በዓለም ሁሉ ታትሞ ተሸጧል። በሲዲ ማንበቢያዎች ላይ «52» ተብሎ የሚጻፈውም ቁጥር እንዲሁ መፍቻ ይፈልጋል፦ አንዱ እጥፍ 153,600 ባይት በሰከንድ ስለሆነ 52 እጥፍ ወደ 8 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ይህም የሚደረሰው በዲስኩ የውጭ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። የዲቪዲ አንድ እጥፍ ከሲዲው ዘጠኝ ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ የሁለቱን «እጥፎች» ማወዳደር አይቻልም።

እኛም «31 ጊጋባይት» ያልነው በ1024 የተቆጠረ ነበር። በሺህ ቆጠራ 33.3 ጊጋባይት ነው፤ ወደ ሰባት በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ።

ሦስተኛው ስህተት የሹፌሩና የረዳቱ ነው። ዩኤስቢ 1.1 በየአንድ ሺህኛ ሰከንዱ ቢበዛ 64 ባይት የሚይዙ 19 ጥቅሎችን ያሳልፋል፤ ይህም 1,216,000 ባይት በሰከንድ ነው። የቀረው ለአድራሻ፣ ለማረጋገጫና ለመሳሰሉት ይሄዳል። ዲስኩ ደካማ ስለነበር እኛ ያገኘነው 0.95 ሜጋባይት ብቻ ሆነ። 33,300 ሜጋባይትን ለ0.95 ስናካፍል 35,000 ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይመጣል። «አንድ ሰዓት» ያልነው ይህንን ነበር።

እንደገና ገርጂ

መብራት ሲሄድ የተቀዳው 13.7 ጊጋባይት ያህል ነበር። የቅጂውን መስኮት መለስ ብለን ስናስታውስ ደነገጥን። ኮምፒውተሩ የሚቀዳው በፎልደሮቹ ስም የፊደል ተራ ስለነበር እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተቀዱት ቪዲዮዎቹ ነበሩ፤ ሮስተሩ ገና አልተነካም። መብራቱ 10 ሰዓት ላይ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከፈትነው፤ ዲስኩ አልተነሣም። አጥፍተን እንደገና ከፈትነው፤ አልተነሣም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ምንም አላሉም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በሦስተኛው ሙከራ እየተንቋቋ ተነሣ።

በዚያ በሁለቱ የጨለማ ሰዓት ውስጥ ከላይ የጻፍነውን ሒሳብ በእርሳስ ሠርተነው ነበር። ሮስተሩ በሺህ ቆጠራ 189 ሜጋባይት ብቻ ነው። በዚያው በቀርፋፋው ዩኤስቢ እንኳ ቢሆን ከ200 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃው ነበር። ጠዋት መጀመሪያ እርሱን ብቻ ቀድተን ቢሆን ኖሮ ከ4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ጀምሮ የሚያሳስበን ነገር አይኖርም ነበር።

ሌላም ነገር አስተዋልን። ከዩኤስቢው ፖርት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የኔትዎርክ ካርዱ መሰኪያ አለ፤ 100 ሜጋቢት። ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ነው። ጠዋት በስህተት «በሰከንድ 12 ሜጋባይት» ያልነው ፍጥነት እውነትም በኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ ገመዱን የሰካነው ግን ከላይኛው ቀዳዳ ላይ ነው። በሥራ ላይ 10 ሜጋባይት ያህል ቢሰጥ እንኳ 33.3 ጊጋባይቱ በ55 ደቂቃ ያልቅ ነበር።

የኔትዎርክ ገመዱን ከላፕቶፓችን ጋር አገናኝተን አስቀድመን ሮስተሩን አዘዝን። 20 ሰከንድ አልፈጀም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈትን፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛም የሚያስታውሷቸውን ስሞች እየጠሩ አረጋገጡ። ከዚያ ፈተናዎቹንና የቤተ ሙከራ መመሪያዎቹን፣ በመጨረሻም የቀሩትን ቪዲዮዎች ቀዳን። ሦስቱ ቪዲዮዎች ዲስኩ ላይ ተበላሽተው ስለነበር አልተነበቡም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ክፍሉ ተቆለፈ።